ማሽኑ እስኪያልቅ

ኮምፒውተር ብርድ ይይዘዋል ስል የዛሬ ልጆች ይስቁብኛል። ይሳቁ! ደብረ ብርሃንን በሐምሌ አላዩዋትም። ጉሙ ከጠዋት እስከ ማታ መስኮት ላይ ተጋድሞ፣ እስክሪብቶ የያዘ ጣት አልታዘዝ ሲል፣ ያኔ ይሳቁ። የእኛ ኮምፒውተር ጠዋት ጠዋት አልነሳም ይል ነበር። ውስጡ ያለው ዲስክ ሌሊቱን በብርድ ይጣበቅና ማብሪያውን ስጫን ያቃስታል እንጂ አይዞርም። ስለዚህ ማታ ስንወጣ እዚያው ከተማችን በተሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ እጠቀልለዋለሁ፤ ጠዋት ገልጬ ጎኑን በመዳፌ ጠፍ ጠፍ አደርገዋለሁ። እምቢ ካለ በቡጢ። ኃላፊያችን ቡጢው ላይ ሲደርስ ፊቱን ያዞራል።

መሥሪያ ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ የበግ ማዳቀያ ጣቢያ ነበር። እኔ አዲስ አበባ ጥቂት ወር ሠልጥኜ የመጣሁ የማሽኑ ሠራተኛ ነኝ፤ ከእኔ በቀር ደፍሮ የሚነካው አልነበረም። ውስጡ የተቀመጠው የበግ ታሪክ ነው። የትኛዋ በግ ከየትኛው አውራ ወለደች፣ ግልገሉ ሲወለድ ምን መዘነ፣ ሱፉስ እንዴት ነው፣ ዓመት በዓመት ይጨመርበታል። በጎቻችን ሊዳሩ እንዳሉ የጨዋ ልጆች እስከ ሰባት ቤት ዘራቸው ይቆጠር ነበር። ይህን ለሰው ስነግር «እናንተ ሥራ አጥታችኋል» ይሉኛል።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ምሥራቅ የነበረው ጦር እየተጫነ ወደ ሰሜን የሚያልፍበት ክረምት። መኪኖቹ ከተማችንን አቋርጠው ወደ ጣርማ በር ሲያዘግሙ ሴቶች ደጅ ወጥተው ዝም ብለው ያያሉ። እኔ አንድ ታላቅ ወንድም አለኝ፤ ወንድምዓለም ነው የምለው። አባታችን ከሞተ ጀምሮ አባቴም እሱ ነበር። ምሥራቅ ጦር ውስጥ ነበር፣ ጦሩ ይነሳል ከተባለ ወዲህ ግን ወሬው ጠፋብኝ። እናታችን ያለችው አንኮበር ነው። በቅርቡ ገበያ ከሚወጡ ሰዎች ጋር ቅቤ ልካልኝ «ደህና ነኝ፣ አታስቢ» ብላኛለች፤ ስለዚህ ስለ እሷ አላሰብኩም። እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነበር። መኪኖቹ ባለፉ ቁጥር ሥራዬን ጥዬ አጥር ድረስ እወጣና ፊት እፈልጋለሁ፤ የማየው ግን ካፖርት ብቻ ነው።

ሐምሌ ገባ ሲል ከአዲስ አበባ አንድ ካርቶን መጣ። አዲስ ዲስክና የሜሞሪ ቺፖች ናቸው። ዲስኩ ማሽኑ ጠፍቶ ቢያድርም ነገሩን የማይረሳበት ነው፤ ሜሞሪው ደግሞ ሲሠራ ሥራውን የሚይዝበት። ሁለቱም አርጅተውበት፣ ጠብበውበትም ነበር። ኃላፊያችን «ጓድ» ሲባል ደስ የሚለው ቀጭን ሰው ነው። ካርቶኑን አቅፎ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረና «አሮጌው ዲስክ ሳይሞት ያለውን ሁሉ ወደ አዲሱ አሻግሪልኝ። እሱ ከሞተ እኔም ሞቻለሁ» አለኝ። አላጋነነም። ከበላይ አካል ጉብኝት ይመጣል ተብሎ ነበር፤ ያኔ ደግሞ የዓመታት መረጃ ጠፋ ቢባል በምን እንደሚተረጎም እግዜር ነው የሚያውቀው።

ሥራው ለደብረ ብርሃን የተፈጠረ አይደለም። ቺፕ የሚባለው ጥፍር የምታህል ጥቁር ነገር ናት፤ በግራና ቀኝ ቀጫጭን እግሮች አሏት። ሱፍ የለበሰ ሰው ከነካት ከእጁ የማይታይ ብልጭታ ይወጣና ትሞታለች፤ ስትሞትም ምልክት የላትም። በዚያ ብርድ ሱፍ ያልለበሰ ማን አለ? ሹራቤን አውልቄ፣ በስስ የጥጥ ካፖርት ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ ነው የምሠራው። ዘበኛችንን፣ የሰላ ድንጋይ አገር ሰው፣ የሱፍ ባናቸውን ከላያቸው የማያወልቁ ሽማግሌ፣ ከደፉ እንዳያልፉ ከልክያቸው ነበር። እሳቸውም ደፉ ላይ ቆመው «ዛሬስ ያ ሣጥንሽ እንዴት አደረ?» ይሉኛል። «እንደ እርስዎ፤ ሲያቃስት!» እላለሁ። «እኔ እንኳ በቡጢ አልነሳም» ይላሉ። የዕለት ጸሎታችን ይህ ነበር።

ሜሞሪውን መትከል በጀመርኩ ማግስት ጠዋት ስገባ ሽማግሌው ከመቀመጫቸው ተነሱ። ቆባቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉና «እንደምን አደርሽ ልጄ። እግዚአብሔር ያበርታሽ» አሉኝ።

«ለምኑ ነው የሚያበረታኝ?» አልኩ እየሳቅሁ።

ጀርባቸውን ሰጥተው አጥሩን ማየት ጀመሩ። አጥሩ ላይ ምንም አልነበረም።

ያን ቀን ሁሉም ነገር ልክ አልመጣልኝ አለ። ሁልጊዜ በምሳ ሰዓት ዜና የሚያንባርቀው የመሥሪያ ቤቱ ሬዲዮ ዝም ብሏል፤ «ባትሪው አለቀ» አሉኝ፤ ሬዲዮው ግን በመብራት ነው የሚሠራው። የሒሳብ ክፍሎቹ ሲስቁ ሰምቼ ብገባ ሳቁ በአንድ ጊዜ ተቆረጠ። ታይፒስቷ፣ በአንድ ግቢ የምንኖር ጓደኛዬ፣ ምሳዬን ከፈለችልኝ፤ እሷ እኮ የሻይ ሳንቲም ስታወጣ እጇ የሚንቀጠቀጥ ሴት ናት። ስበላ አፌን ታያለች። «ሌላ ጨምሪ፣ ብዪ እንጂ» ትላለች። ማታ ደግሞ «ቤቴ ያፈሳል» ብላ ፍራሿን ተሸክማ እኔ ዘንድ መጣች። ቤቷ አያፈስም። ሌሊት ስነቃ ዓይኗን አፍጥጣ ስታየኝ አገኘኋት።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ይህን ነገር አውቀዋለሁ፤ እኔ ራሴ አድርጌዋለሁ።

በእኛ አገር ሰው የሞተበትን እንዲሁ በመንገድ ላይ አያረዱትም። መርዶ ወግ አለው። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ባለ መርዶው እህል እንዲቀምስና እንዲተኛ ይደረጋል፣ ከዚያ ጎህ ሲቀድ በሩ ይንኳኳል። እስከዚያች ጠዋት አገር ሁሉ ያውቃል፤ እሱ ብቻ አያውቅም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለዚህ ነው። የታይፒስቷ አባት የሞቱ ጊዜ ምስጢሩን ይዤ አብሬያት ስስቅ የሰነበትኩት እኔ ነበርኩ። ያኔም ምሳዋን ከፍያለሁ። ያኔም ፍራሼን ተሸክሜ «ቤቴ ያፈሳል» ብያለሁ። እስቲ አሁን ሌላ ሰበብ ቢፈጥሩ ምን ነበረበት? የራሴን ውሸት መልሰው ለራሴ!

ማን እንደሞተ አልጠየቅሁም። ማንን ልጠይቅ? ቢጠየቁስ ማን ይናገራል? ደግሞም አውቄዋለሁ ብዬ ነበር። ሰው የሚፈራውን ነው የሚሰማው። ወንድምዓለም ነው። ምሥራቅ ሳለ ጦሩ ተነሳ፣ ሰሜን ገባ፣ አለቀ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሽፋኑን ከፍቼ ቺፖቹን እየተከልኩ ሳለ ከኃላፊው ክፍል ድምፅ መጣ። በእኔና በእሱ መካከል ያለው ስስ ጣውላ ነው። «ማሽኑ እስኪያልቅ ማንም ትንፍሽ እንዳይል» ይላል ኃላፊው። «ያለ እሷ የሚሠራው የለም። ለቅሶ ከተቀመጠች መቼ ትመለሳለች? ባለቀ በማግስቱ ጠዋት ትረዳ።»

«ኧረ ጓድ፣ ኃጢአት ነው» አሉ ዘበኛው። «ሰዎቹም እየጠበቁ ነው።»

«ይጠብቁ! እኔስ ማን ይጠብቀኛል?»

እጄ ላይ የነበረችው ቺፕ ወደቀች። ጎንበስ ብዬ አነሳኋት፤ ቀና ስል ደሜ ፈልቶ ነበር። እንዲህ ነው? እዚህ ጥርሴ እስኪወልቅ እየተንቀጠቀጥኩ የበግ ዘር ሳሻግር፣ ወንድሜ ሞቶ ወረፋ ይጠብቃል? ከዚያ ሌላ ሐሳብ መጣልኝ፤ ንዴቱንም አበረደው። መርዶው የሚመጣው ማሽኑ ሲያልቅ ነው። ማሽኑ ካላለቀ አይመጣም። ካልተነገረኝ ደግሞ ወንድሜ ለእኔ አልሞተም፤ አንድ ቦታ ካፖርቱን ለብሶ ቆሟል።

እንግዲያውስ አያልቅማ!

ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያደርገው ሜሞሪውን መፈተሽ ነው። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ቁጥር ይታይና እየጨመረ፣ እየጨመረ ይሄዳል፤ ሁሉም ቺፕ ደህና ከሆነ እስከ መጨረሻው ቆጥሮ ሥራ ይጀምራል። አንዷ ቺፕ ከተነቀነቀች ቁጥሩ እሷ ጋ ሲደርስ ቀጥ ይላል፣ ማሽኑም ይደርቃል። እኔም ማታ ከመውጣቴ በፊት በቀጭን ጠመንጃ መፍቻ የአንዷን ቺፕ ጫፍ ብድግ አደርጋታለሁ። ሁልጊዜ ያችኑ፣ ከዳር ያለችውን። ጠዋት ኃላፊው ትከሻዬ ላይ ሆኖ ቁጥሩን ያያል፤ ቁጥሩ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ቀጥ ይላል።

«ምን ሆነ?»

«ብርድ» እላለሁ።

የከሰል ምድጃ አስገባልኝ። ቁጥሩ ቀጥ አለ። ጣራውን በላስቲክ አስሸፈነ። ቀጥ አለ። መጨረሻ ላይ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ጠበል በጠርሙስ አምጥቶ፣ ፓርቲው እንዳይሰማ በር ዘግቶ፣ ክፍሉን ጥግ ጥጉን ረጨው። ማሽኑን እንዳይነካው ስጮህበት «አልነካሁትም፣ አልነካሁትም» ይላል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከዘበኛው ጋር ሳምንት እንስቅበት ነበር። አሁን ግን ዘበኛው ባዩኝ ቁጥር ቆባቸውን ያወልቃሉ፣ ታይፒስቷ ሻይ ስታቀርብልኝ ስኳሩን ራሷ ታማስልልኛለች፣ በጎቹን የሚጠብቁት ሰዎች ሳልፍ መንገድ ይለቁልኛል። የራሴ ጥላ ሆኜ የምዞር ይመስለኝ ጀመር። አንዳንዴ የሞትኩት እኔ ብሆንስ እላለሁ። እነሱ እያዩኝ፣ እኔ አላውቅ!

አንድ ማታ በጣም ደከመኝ። ብርዱ አጥንቴ ውስጥ ገብቶ ነበርና ምንም ሳልነካ ሽፋኑን ዘግቼ፣ ማሽኑን ብርድ ልብሱን አልብሼ ወጣሁ። ሌሊቱን አልተኛሁም። ነገ ቁጥሩ እስከ መጨረሻው ሊቆጥር ነው፤ ነገ ዲስኩ ይሻገራል፤ ከነገ ወዲያ በሩ ይንኳኳል። ቀድሜ ገብቼ ቺፗን ላነሳት እንኳ አልችልም፤ ኃላፊው ጠዋት ጠዋት ከእኔ በፊት ገብቶ ይጠብቀኝ ነበር። ማብሪያውን ተጫንኩ። ቁጥሩ መውጣት ጀመረ። ወጣ፣ ወጣ፤ ያችው ዳር ያለችው ቺፕ ጋ ሲደርስ ቀጥ አለ።

ኃላፊው ግንባሩን ይዞ ወጣ። እኔ ሽፋኑን ከፈትኩ። ቺፖቹ ሁሉ ደልደል ብለው ተቀምጠዋል፤ ያችም ብትሆን እንደ ተከልኳት ናት። በጣቴ ተጫንኳት፣ ንቅንቅ አላለችም። መልሼ አስነሳሁት። እዚያው ላይ ቆመ። ቴክኒኩን የሚያውቅ ሰው ብዙ ምክንያት ይሰጠኝ ይሆናል፤ እኔም ምክንያቶቹን አላጣቸውም። ያን ቀን ግን ማሽኑ የምሠራውን ያየ፣ የለመደ፣ እኔ ስደክም ደግሞ ስለ እኔ የሚሠራ መስሎኝ ወንበሬን ከእሱ ሳብ አደረግሁ።

ከሰዓት በኋላ ጉሙ ወርዶ ግቢውን ሞላው፤ ከመስኮቴ ፊት ለፊት ያለው ባሕር ዛፍ እንኳ አይታይም። ብቻዬን ነበርኩ። ሽፋኑ እንደተከፈተ ነው፤ ውስጡን እያየሁ ቁጭ ብያለሁ። የሚያየኝ ሰው እንዳለ ተሰማኝና ቀና አልኩ።

መስኮቱ ላይ ወንድሜ ቆሟል።

የወታደር ካፖርት ለብሷል። ከስቷል፤ ጺሙ አድጓል፤ እሱ ጺም የሚባል ነገር ወዶ አያውቅም ነበር። ዓይኑ ጎድጉዷል። አልተናገረም፤ እጁን ብቻ አነሳና መዳፉን መስታወቱ ላይ ለጠፈው። ጉሙ ከኋላው ይንቀሳቀሳል፣ እሱ አይንቀሳቀስም። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» አልኩ፤ ተነስቼ የእንጨቱን መዝጊያ በላዩ ላይ ጠረቀምኩት። መቀርቀሪያውንም ወረወርኩት። መልሼ ለመክፈት ልብ ከየት ይምጣ?

በሩን ከፍቼ ወደ ዘበኛው ሮጥኩ። «አባባ፣ ማን ነው የገባው? አሁን ማን ገባ?»

ሽማግሌው ባናቸውን እስከ አፋቸው ስበው አዩኝ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። «ማንም አልገባም፣ ልጄ። ምን ሰው አለ በዚህ ጉም?»

በቃ። ከዚህ በላይ ምን ማረጋገጫ እፈልጋለሁ? እናቴ «ያላለቀሱለት ሙት ደጅ ይቆማል» ትል ነበር፤ ስንቀብጥ ልታስፈራራን ነበር የምትለው። አሁን ቆሟል። እኔ ቺፕ እየነቀነቅሁ መርዶውን ሳግደው፣ እሱ በዚያ ብርድ ደጅ ቆሞ «መቼ ነው የምታለቅሽልኝ?» ይለኛል። ወይኔ ወንድሜን! ለራሴ እንዲኖርልኝ ብዬ እንዳያርፍ ይዤዋለሁ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሥራ ገባሁ። ያችን ቺፕ ነቅዬ አውጥቼ በምትኳ ሌላ ተከልኩ። ቁጥሩ ወጣ፤ እዚያች ቦታ ሲደርስ ትንፋሼን ያዝኩ፤ አለፈ፤ እስከ መጨረሻው ቆጠረ። ከዚያ አሮጌውን ዲስክ ጎኑን ደብድቤ አስነሳሁትና ወደ አዲሱ መገልበጥ ጀመርኩ። ቀኑን ሙሉ ሲያቃስት ዋለ። በጎቹ ዓመት በዓመት፣ አውራ በአውራ፣ እናት በእናት ተሻገሩ። አንድ ግልገል አልቀረም። ሲመሽ አሮጌው ዲስክ ረጅም የብረት ድምፅ አሰማና ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ ምንም ብለው አልተነሳም። ኃላፊው እጄን በሁለት እጁ ይዞ ነቀነቀው፤ ዓይኔን ግን ማየት አልቻለም። «አለቀ?» አለ። «አለቀ» አልኩት። «እንግዲህ ደስ ይበልህ።»

ያን ማታ ራሴን ታጥቤ፣ ጥቁር ቀሚሴን አውጥቼ ራስጌዬ አስቀምጬ ተኛሁ። ታይፒስቷ ቀሚሱን አይታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

በሩ ሲንኳኳ ቁጭ ብዬ እየጠበቅሁ ነበር። ግቢው በሰው ሞልቷል። ፊት ፊት የሚመጣው ከአንኮበር የመጣው አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም ነው፤ ጋቢውን አዘቅዝቆ ለብሷል። ከኋላው ኃላፊው፣ ዘበኛው፣ የእድሩ ሰዎች። አጎቴ ፊቴ ቆመና «ልጄ፣ የአዳም ልጅ ሁሉ መንገዱ ይኸው ነው» ብሎ ጀመረ፤ ድምፁ ተሰበረ። «እናትሽ አረፈች። ድንገት ነው፣ አልተሰቃየችም። አፈር ካለበስናት ሰንብተናል።»

«ተመስገን!» አልኩ።

አዎን፣ ብያለሁ። ከአፌ አመለጠ፤ ሰው ሁሉ ሰምቷል። ሴቶቹ ደረት ሊመቱ ያነሱት እጅ አየር ላይ ቀረ። እናቴን ጠልቼ አይደለም፤ እናቴ ገና አልደረሰችኝም ነበር። እኔ የሰማሁት እሱ አለመሆኑን ብቻ ነው። አጎቴን በጋቢው ያዝኩና «ወንድምዓለምስ? ወንድምዓለም አልሞተም?» አልኩት።

«ኧረ ምን ነካሽ? ለምን ይሞታል?» አለ ደንግጦ። «እዚሁ ነበር እኮ!»

የፈረድኩት ሁሉ ያኔ ተናደ። ወንድሜ ጦሩ ወደ ሰሜን ሲዛወር ጥቂት ቀን ፈቃድ አግኝቶ፣ ከቆላ ተነስቶ ከአንኮበር ግርጌ ካለችው ከአልዩ አምባ ገበያተኞች ጋር ሽቅብ ወጥቶ እናታችን ጋ ሲደርስ ያገኘው ለቅሶ ነው። ከዚያ እኔን ሊያረዱ ከሚመጡት ጋር ደብረ ብርሃን ገባ። እዚሁ ከተማ፣ ከቤቴ ብዙም በማይርቅ ሰው ቤት ቁጭ ብሎ ማሽኑ እስኪያልቅ ሲጠብቅ ሰነበተ። «ልያት» እያለ ይለምናል፤ እነሱ «ጺምህን አሳድገህ፣ እንዲህ ከስተህ ካየችህ ታውቃለች፤ ወግ አይደለም» ይሉታል።

«ከትናንት በስቲያ አምልጦን መሥሪያ ቤትሽ መጣ» አለ አጎቴ። «ሲመለስ አለቀሰ። ‹አየችኝ፣ አይታኝ መስኮት ዘጋችብኝ› አለ። ‹ሰምታለች ማለት ነው፤ ለእናታችን ሳልደርስላት በመቅረቴ ተቀይማኛለች› ብሎ ከዚያ ወዲያ ልያት አላለም። ፈቃዱም አለቀ። ዛሬ ሌሊት ከሚያልፈው ጦር ጋር ተጭኖ ሄደ።»

ዘበኛውን አየኋቸው። ባናቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉት። ኃላፊው መሬት መሬት ያያል። ጫማዬን አድርጌ በመካከላቸው አልፌ ወጣሁ። አጎቴ ከኋላዬ «ሐዘንተኛ ከቤት አይወጣም! ኧረ ያዟት፣ አብዳለች!» ይላል። ታይፒስቷ ልትይዘኝ ስትሮጥ ዘበኛው በዱላቸው መንገዷን ዘጉባት። «ተዪያት» ሲሉ ሰማሁ።

አውራ ጎዳናው ላይ ገብስ የጫነ ፊያት መኪና ፊት ቆሜ እጄን ዘረጋሁ። ነጂው ኮፍያ ያደረጉ የአልዩ አምባ ሰው ናቸው። የተበተነ ፀጉሬን አይተው «ማን ሞቶብሽ ነው፣ ልጄ?» አሉኝ።

«እናቴ። እሷን ቀብረዋታል። ወንድሜ ግን ከጦሩ ጋር ወደ ጣርማ በር እየሄደ ነው፤ ይድረሱልኝ።»

«አላህ ያጽናሽ። ግቢ» አሉ። ከዚያ በኋላ መንገዱን ሁሉ አላናገሩኝም፤ መኪናዋን ብቻ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» እያሉ ሽቅብ ይገፏታል። እኔ ለወንድሜ የምለውን እያዘጋጀሁ ነበር። ረጅም ነገር አልነበረም። ሞተሃል ብዬ ነው፤ አልተቀየምኩህም። ይህችን ካደረስኩ በኋላ ሰሜንም ይሂድ፣ የትም ይሂድ።

ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ ከደብረ ብርሃኑ የባሰ ነው፤ የፊት መብራት እንኳ የገዛ አፍንጫውን አያይም። ጦሩ ግን ቆሟል። ጉሙ ይዞት መኪኖቹ መንገዱ ተራራውን ከሚሾልክበት ዋሻ አፍ ጀምሮ ወደ ውስጥ ተሰልፈው ቆመዋል፤ ሞተሮቹ ያጉረመርማሉ። ደረስኩ! አንድ ወታደር ጠመንጃውን አግድሞ «ሲቪል ማለፍ ክልክል ነው» አለ። ነጂው ወርደው «ይቺ ሐዘንተኛ ናት፣ ልጄ። አንተም እናት አለህ» ሲሉት ጠመንጃው ትንሽ ዝቅ አለ። በሥሩ ሾልኬ ገባሁ።

ዋሻው ውስጥ ጨለማ ነው፤ ናፍጣው ዓይን ያቃጥላል። መኪኖቹ ላይ ሸራ ወርዷል፤ ፊት አይታይም። በግድግዳውና በመኪኖቹ መካከል እየተሽሎከሎክሁ ጮህኩ፤ «ወንድምዓለም! ወንድምዓለም!»

«አቤት!» አለ ከመጀመሪያው መኪና አንድ ድምፅ። «አቤት እህቴ!» አለ ሌላው። ሳቅ ተሰማ። «እኔን ነው የጠራችው» «ዝም በል፣ እኔን ነው!» ከዚያ ሳቁ ቀረ። ከፊት ካለው መኪና፣ ከዚያም ወዲያ ካለው፣ ከማላያቸው ሸራዎች ሁሉ ሥር «አቤት፣ አቤት» ይላሉ፤ አንዳንዱ ከልቡ ነው፣ አንዳንዱ ገና የልጅ ድምፅ ነው። ዋሻው ተቀብሎ ይመልሰዋል። ሁሉም የአንድ ሰው ድምፅ ሆነብኝ፤ የቱ የእሱ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። የገዛ ወንድሜን ድምፅ!

«አልተቀየምኩህም!» ብዬ ጮህኩ። «ሞተሃል ብዬ ነው! ስማኝ፣ አልተቀየምኩህም!»

ያኔ ሁሉም ዝም አሉ። ሞተሩ ብቻ ይሰማል። ከሩቅ፣ ከዋሻው ወዲያኛ ጫፍ አካባቢ አንድ ድምፅ «ሰምቻለሁ» አለ። ሮጥኩ። ጥቂት ሳልሄድ ፊሽካ ተነፋ፤ መኪኖቹ ተንቀሳቀሱ። ግድግዳው ላይ እንደተለጠፍኩ አንድ በአንድ አለፉኝ፤ ከሸራ ሥር የወጡ እጆች ትከሻዬን፣ ራሴን እየዳሰሱ ያልፋሉ። የትኛው እጅ የማን እንደሆነ አላውቅም። የመጨረሻው መኪና ካለፈ በኋላ ነጂው ፋኖስ ይዘው መጥተው እጄን ይዘው አወጡኝ።

ተመልሼ ለእናቴ ለቅሶ ተቀመጥኩ፤ እስክጠግብም አለቀስኩላት። የወንድሜን ነገር ያ ድምፅ የእሱ ነበር ብዬ አልምልም፤ አልነበረም ብዬም አልምልም። ጦሩ ተበተነ፣ ደርግም ወደቀ፣ የተመለሰው ተመለሰ። እሱን አይቻለሁ ያለ የለም፣ ሞቷል ያለም የለም። መርዶውን የያዘ ሽማግሌም አልመጣልኝ። እኔም አርጅቻለሁ፤ ጎህ ሲቀድ በር ከተንኳኳ ግን ዛሬም ቶሎ አልከፍትም።